እኛ ስሟን አጠፋን፣ ፍራንክፈርት ስም አወጣላት

በአማርኛ ፖለቲከኛን ለመስደብ ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ «እስስት!» ማለት ይበቃል። በደርግ ጊዜ መፈክር ያሰማ፣ በኢሕአዴግ ጊዜ ያጨበጨበ፣ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ «እኔ ድሮም የለውጥ ሰው ነበርኩ» የሚል ሰው በየቀበሌው አይጠፋም። ስሙ ሲነሳ ሌላ ማብራሪያ አይጠየቅም። እስስት ከተባለ ነገሩ አለቀ።

ስድቡን የማያውቅ የለም። እንስሳዋን የሚያውቃት ግን ስንት ነው? ምን ትበላለች? ውሃ ከየት ትጠጣለች? ቀለሟን የምትቀይረው ለምንድን ነው? ከመቶ ሰው ዘጠናው «የተቀመጠችበትን ነገር ለመምሰል ነው» ይላል። ዘጠናውም ተሳስተዋል።

ከጎንደር ወጥቶ አዘዞን ያለፈ መንገደኛ ወደ ማክሰኝት ሳይደርስ ፀዳን ያገኛል። ክረምቱ ወጥቶ አጥሩ ሁሉ በለመለመበት ሰሞን በዚህ አገር ቁጥቋጦ ላይ እስስት ማየት ብርቅ አይደለም። አንድ እግሯን አንስታ፣ ልርገጥ አልርገጥ እያለች፣ ነፋስ እንደሚነቀንቀው ቅጠል እየተወዛወዘች ትሄዳለች። ያያት ልጅ ወይ ይሸሻል ወይ ድንጋይ ያነሳል። ትልቁም ሰው ቢሆን «ተው፣ አትንካት!» ከማለት አልፎ «ና፣ እንያት» ሲል እምብዛም አይሰማም።

የዚህች እንስሳ ታሪክ ግን ጎንደርን፣ ፓሪስን፣ ፍራንክፈርትንና ሃዋይን ያገናኛል። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፤ እስስትን ያወቃት ቀርቦ የተመለከታት ብቻ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

•••

በጥቅምት 1832 አንድ ጀርመናዊ ጎንደር ገባ። ስሙ ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ የፍራንክፈርት ሰው፣ የሀብታም ልጅ። ምጽዋ የደረሰው ከዓመት በፊት ነበር። በትግራይ በኩል አድርጎ፣ የሰሜንን ተራሮች አቋርጦ መጣ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ጎንደር ላይ ንጉሥ አለ፣ ሥልጣኑ ግን ደብረ ታቦር በየጁዎቹ እጅ ነው። ቤተ መንግሥቱ ቆሟል፣ የሚያድሰው የለም።

ሩፔል በጎንደር ከግማሽ ዓመት በላይ ቆየ። ጣናን ዞረ፣ ብራና ገዛ፣ ከሊቃውንት ጋር ተጨዋወተ። ዋናው ሥራው ግን እንስሳት መሰብሰብ ነበር። ወፍ፣ ዓሣ፣ አይጥ፣ እባብ ያገኘውን ሁሉ ቆዳውን እየገፈፈ ወይም በአልኮል እየዘፈቀ በበቅሎ ጭኖ ወሰደ። የጭነቱ መድረሻ በፍራንክፈርት የሚገኘው የዜንክንበርግ ሙዚየም ነበር።

ዛሬ ኢትዮጵያ በቴምብሯና በቱሪስት ፖስተሯ የምትኮራባቸውን እንስሳት ለሳይንስ ያስተዋወቀው ይኸው ሰው ነው። ዋልያንና ጭላዳን በ1835፣ ቀይ ቀበሮን በ1840 በሳይንሳዊ ስማቸው መዘገባቸው። የቀይ ቀበሮ ሳይንሳዊ ስም እስከ ዛሬ «ሲሜንሲስ» ነው፤ «የሰሜኑ» ማለት ነው። በ1845 ደግሞ በሙዚየሙ ዝርዝር ውስጥ አንዲት ትንሽ እስስት አስገባ። አገሯን «አቢሲኒያ»፣ ስሟን «አፊኒስ» ብሎ ጻፈ።

አፊኒስ በላቲን «ጎረቤት»፣ «ዘመድ» ማለት ነው። እኛ ከሃዲ ያልናትን እንስሳ እሱ ዘመድ ብሎ መዘገባት።

ዛሬ የሳይንስ ሰዎች ትሪዮሴሮስ አፊኒስ ይሏታል። የመጀመሪያው ቃል «ባለ ሦስት ቀንድ» ማለት ነው፤ ቀንድ ካላቸው ዘመዶቿ የወረሰችው የቤተሰብ ስም ነው እንጂ የእኛዋ ቀንድ የላትም። በደጋ የምትኖር፣ ብርድ የምትችል፣ ከአፍሪካ ቀንድ ደጋማ ምድር በቀር በሌላ የዓለም ክፍል የማትገኝ እስስት ናት። ዋልያ የማይገኝ የኛ ሀብት ነው ተብሎ ስንት ተዘፍኖለታል። የደጋዋ እስስት ግን ከስድብ በቀር የደረሳት የለም።

•••

«የጎንደር ሰው ድሮም እንስሳ አያውቅም» የሚል ካለ ተሳስቷል። ጎንደር እንስሳ በማኖር የታወቀ ከተማ ነበር።

በፋሲል ግቢ የአንበሳ ቤት ዛሬም ይታያል። የፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለችው ክብ ሕንፃ የንጉሡ ፈረስ የዞብል መቃብር ናት እየተባለ ይተረካል። ዐፄ ፋሲል በ1660ዎቹ ወደ ሕንዱ ንጉሥ ወደ አውራንግዜብ መልእክተኞች ሲልኩ ከስጦታው መካከል ፈረሶችና አንድ የሜዳ አህያ ነበሩበት። በዚያን ጊዜ ዴልሂ የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ፍራንስዋ በርኒየ የሜዳ አህያውን ቆዳ ማየቱንና የመስመሩ ውበት እንዳስደነቀው ጽፏል። ያየው ቆዳውን ነው። ያን ሁሉ ባሕርና በረሃ ማቋረጥ ለእንስሳ ቀላል አይደለም።

ጥርኝም አለ። ለዝባዱ ሲባል ጥርኝን በጠባብ የእንጨት ቤት አስሮ ማኖር በኢትዮጵያ ዘመን ያስቆጠረ ሙያ ነው። ዝባዱ በቀንድ ታሽጎ እስከ አረብ አገርና አውሮፓ ይሸጥ ነበር፤ ለፋሲል መልእክተኞች ስንቅም ስጦታም ሆኖ አብሯቸው ተጉዟል።

እንግዲህ የአኗኗሩ ምክንያት ግልጽ ነው። አንበሳ ለግርማ ሞገስ፣ ፈረስ ለጦርና ለክብር፣ የሜዳ አህያ ለዲፕሎማሲ፣ ጥርኝ ለገንዘብ። እስስት ከአራቱ የትኛውም አልነበራትም። አታስፈራም፣ አትጋለብም፣ አትሸጥም። በዚያ ላይ በኦሪት ዘሌዋውያን ከሚረክሱት ተንቀሳቃሾች ጋር ተቆጥራለች። ስለዚህ ማንም ወደ ቤቱ አላስገባት፤ ማንም አተኩሮ አላያት።

የሚገርመው፣ ግሪኮች ያወጡላት ስም «የምድር አንበሳ» ማለት ነው። «ካሚሌዮን» የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው። ጎንደር አንበሳውን በድንጋይ ቤት ሲቀልብ የምድሯን አንበሳ በድንጋይ አባረራት።

•••

የአውሮፓም ሰው ቢሆን ከኛ የተሻለ አያውቅም ነበር። አርስቶትል ስለ እስስት በጥንቃቄ ጽፎ ነበር፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ሮማዊው ፕሊኒ ግን ከእንስሳት ሁሉ እስስት ብቻ ምግብና ውሃ ሳትፈልግ በአየር ትኖራለች አለ። ነገሩ የመጣው ከየት እንደሆነ መገመት ይቻላል፤ እስስት ብዙ ሰዓት ሳትንቀሳቀስ ትቀመጣለች፣ ስትበላም ምላሷ ወጥቶ እስኪመለስ ዓይን አይከተለውም። ይህ ወሬ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ሲደገም ኖረ። አንድም ሰው እስስት ቤቱ አስገብቶ ልፈትነው አላለምና።

በ1630ዎቹ በደቡብ ፈረንሳይ ኤክስ በምትባል ከተማ ኒኮላ ፔይረስክ የሚባል ምሁር ነበር። ከቱኒስ እስስቶች አስመጥቶ በቤቱ አኖረ፤ ምን እንደሚበሉ፣ መቼ እንደሚቀየሩ ይከታተል ነበር። ይህ ሰው ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ በግዕዝ እንዳለ ሰምቶ በብዙ ድካም ያስፈልግ የነበረው እሱ ነው። ሄኖክ ነው ተብሎ የተገዛለት ብራና በኋላ ሂዮብ ሉዶልፍ ሲመረምረው ሌላ መጽሐፍ ሆኖ ተገኘ። እውነተኛው ሄኖክ አውሮፓ የገባው ጎንደር የኖረው ጄምስ ብሩስ በ1773 ይዞት ሲመለስ ነው። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እስስት የሚቀልበውና ግዕዝ መጽሐፍ የሚያድነው ሰው አንድ ነበር። ለሁለቱም ያነሳሳው ያው ነው፤ ሲወራ የሰማውን ነገር በዓይኑ ማየት ፈለገ።

በ1660ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ፣ ክሎድ ፔሮ የሚባል ሐኪም ከግብፅ የመጣች እስስት ደረሰችው። በሕይወት ሳለች ከባልደረቦቹ ጋር ተመለከታት፣ ስትሞት ከፍቶ መረመራት፣ በ1669 ያየውን አሳተመ። ጥቂት ቆይቶ በ1672 ታዋቂዋ ደራሲ ማድሌን ደ ስኩዴሪ ከግብፅ እስስቶች ተላኩላት። በፓሪስ ብርድ እንዳይሞቱባት እያሞቀች፣ በየቀኑ እያየች አኖረቻቸው፤ ጠባያቸውንም ጻፈች። በአየር የምትኖረው እስስት ታሪክ በእነዚህ ሰዎች ቤት ሞተ። እስስት ዝንብ ትበላለች። ካላበሏት ትሞታለች። ይህን ለማወቅ የጠየቀው ነገር ትዕግሥትና ጥቂት ዝንብ ነበር።

•••

ወደ ቀለሙ እንመለስ፤ ስድቡ የቆመው በእሱ ላይ ነውና።

እስስት ቀይ ጨርቅ ላይ ብትቀመጥ ቀይ አትሆንም። ሰማያዊ ምንጣፍ ላይ ብትቀመጥ ሰማያዊ አትሆንም። ዘወትር የምትለብሰው አረንጓዴና ቡኒ ከቅጠልና ከቅርንጫፍ ጋር ስለሚስማማ ትሰወራለች፤ ያ ግን ከፌንጣም የሚገኝ ነው። ቀለሟ ሲለዋወጥ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከውስጧ ነው። ብርድ ሲሆን ትጠቁራለች፤ ጥቁር ሙቀት ይስባልና። ሙቀት ሲበዛ ትነጣለች። ወንዱ ሌላ ወንድ ሲያይ ደምቆ ይነሳል፤ የተሸነፈው ይደበዝዛል። ሴቷ ፅንስ ከያዘች በኋላ የሚቀርባትን ወንድ በቀለሟ ትመልሰዋለች። ስትፈራም፣ ስትታመምም፣ ስትተኛም ቀለሟ ይናገራል።

በ2008 በደቡብ አፍሪካ ድንክ እስስቶች ላይ የተሠራ ጥናት፣ የቀለም መለዋወጥ ችሎታቸው ይበልጥ የዳበረው ለመደበቅ ሳይሆን እርስ በርስ ለመታየት እንደሆነ አሳየ። በ2015 ደግሞ የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሠራሩን ገለጡ። ከማዳጋስካር የመጣችውን እስስት ቆዳ ሲመረምሩ በሕዋሶቹ ውስጥ ጥቃቅን ክሪስታሎች በሥርዓት ተደርድረው አገኙ። እንስሳው ሲረጋጋ ክሪስታሎቹ ይቀራረባሉ፣ ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳሉ፤ ከላዩ ካለው ቢጫ ጋር ሆኖ አረንጓዴ ይመስላል። ሲቆጣ ክሪስታሎቹ ይራራቃሉ፤ ቢጫና ቀይ ይወጣል።

ይህ ለስድቡ ምን ማለት ነው? አድርባይ ማለት በልቡ ያለውን ደብቆ የአካባቢውን ቀለም የሚለብስ ነው። እስስት ደግሞ በልቧ ያለውን መደበቅ የማትችል ፍጡር ናት። ፈርታ ያልፈራች፣ ተሸንፋ ያላሸነፈች መምሰል አይሆንላትም፤ ቆዳዋ ያሳብቅባታል። የእኛ አድርባይ እንደ እስስት ቢሆንማ ኖሮ በስብሰባ አዳራሽ እያጨበጨበ ፊቱ ሲጠቁር ባየነው፣ ማን ከልቡ ማን ከሆዱ እንደሆነ በለየን ነበር።

በደቡብ አፍሪካ ዙሉዎች ዘንድ በሚተረክ አፈ ታሪክ፣ ፈጣሪ «ሰው አይሞትም» የሚለውን መልእክት በእስስት ይልካል፤ እሷ በመንገድ ስትዘገይ እንሽላሊት «ሰው ይሞታል» የሚለውን ይዞ ይቀድማታል። እዚያ የሞት ጥፋተኛ አደረጓት፣ እዚህ የክህደት ምሳሌ። ዝም ባለች እንስሳ ላይ የሰውን ኃጢአት መለጠፍ የትም አገር ቀሎ ተገኝቷል።

•••

ታዲያ «ቀርቦ ያየ አወቀ» ካልን ሰው ሁሉ እስስት ይዞ ቤቱ ያኑር? እዚህ ላይ ታሪኩ መልኩን ይለውጣል።

ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ እስስት በአውሮፓና በአሜሪካ የቤት እንስሳ ሆናለች። ንግዱም ከማዳጋስካር፣ ከታንዛኒያ፣ ከኬንያ ብዙ እስስት ከዱር አውጥቷል። የጎረቤታችን የየመን እስስት ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት ከሚረቡት አንዷ ናት።

ችግሩ እስስት እንደ ውሻና ድመት ለሰው የተሠራች አለመሆኗ ነው። መታቀፍ አትወድም፤ ስትያዝ ትጨነቃለች። ሁለቱን በአንድ ቤት ማኖር ጠብ ነው። በሳህን የተቀመጠ ውሃ ውሃ አይመስላትም፤ የምትጠጣው በቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን ጠልና ዝናብ ነው። የምትበላው የሚንቀሳቀስ ነፍሳት ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ካላገኘች ካልሲየም መጠቀም ያቅታትና አጥንቷ ይልማል፣ እግሯ ይጎብጣል። የደጋ እስስት ከሆነች ደግሞ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ብርድ ያስፈልጋታል፤ ሌሊቱንም የሞቀ ክፍል ያዳክማታል። ከዱር ተይዛ በጠባብ ዕቃ የተጫነች እስስት ብዙውን ጊዜ የምትደርሰው ውሃ ጠምቷት፣ በጥገኛ ትላትል ተጎድታ ነው።

በ1972 በሃዋይ ኦዋሁ ደሴት አንድ የእንስሳት ሱቅ ባለቤት ከኬንያ ጥቂት ደርዘን ባለ ሦስት ቀንድ እስስቶች አስመጣ። ከጉዞው ብዛት ደክመውና ደርቀው ደረሱ። ባለቤቱ አዘነላቸውና እንዲያገግሙ በጓሮው አትክልት ለቀቃቸው። አገገሙ፣ ከዚያም ጠፉ። የኬንያን ደጋ የሚመስለው የሃዋይ ተራራ ተስማማቸው፤ ተዋለዱ፣ በሰው እጅም ወደ ሌሎች ደሴቶች ተሻገሩ። ዛሬ በሌላ ዓለም የማይገኙትን የሃዋይ ቀንድ አውጣዎችና ነፍሳት እየበሉ አገሬውን ያሳስባሉ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። የሚያውቀው መሸጡን እንጂ እንስሳዋን አልነበረም።

ለዚህ ነው ከ1977 ጀምሮ የእስስት ዓለም አቀፍ ንግድ ሳይተስ በሚባለው ስምምነት ቁጥጥር ሥር የገባው። ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል የሆነችው በ1989 ነው። በአገር ውስጥም በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳን ይዞ ማኖርንና መነገድን ከፈቃድ ጋር አስሮታል። የፀዳ ልጅ እስስት በካርቶን አስሮ ቢያኖር ሕግም አይፈቅድለትም፣ እስስቷም ብዙ አትቆይለትም።

•••

ደግሞስ ካርቶን ምን ያደርጋል?

በበርሊን ወይም በሚኒሶታ የደጋ እስስት የሚያኖር ሰው የሚያወጣውን ወጪ ማሰብ ነው። የሽቦ ቤት ይሠራል። ፀሐይን የሚተካ አምፖል ይገዛል። ጠልን የሚተካ የውሃ መርጫ በሰዓት ያስሞላል። ሌሊት ብርድ እንዲሆን ክፍሉን ያቀዘቅዛል። ፌንጣ ከሱቅ ይገዛል። ያ ሁሉ ገንዘብና ድካም አንድ ነገር ለመሥራት ነው፤ በሳጥን ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካን ደጋ መሥራት። ፀሐዩ፣ ጠሉ፣ የሌሊቱ ብርድና ፌንጣው ፀዳ አጥር ላይ በነጻ አለ።

የሚጎድለው ተመልካች ነው። አጥሩም ቢሆን ለዘላለም አይቆይም። በብዙ መንደር የቁጥቋጦው አጥር በቆርቆሮና በብሎኬት እየተተካ ነው። አገር በቀሉ ቁጥቋጦ ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ ይተከላል። ለማሳው የሚረጨው ፀረ ተባይ ዝንቡንና ፌንጣውን ይጨርሳል። እስስት የምትጠፋው በድንጋይ ብቻ አይደለም፤ ምግቧና ማረፊያዋ ሲያልቅ ማንም ሳያያት ትሄዳለች። ከ1845 ጀምሮ ስም ያላት እንስሳ ጠፋች ብሎ የሚያመለክት ጎረቤት እንኳ አይኖራትም።

ፀዳ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ያለባት ከተማ ናት። በአቅራቢያው ትምህርት ቤቶች የባዮሎጂ መምህራን አሉ። ሩፔል ከፍራንክፈርት በመርከብ፣ በግመልና በበቅሎ ዓመት ተጉዞ የደረሰበት አገር ለእነሱ የክፍል በር እስኪከፈት ያህል ነው። የሚያስፈልገው ደብተርና ባትሪ ነው። እስስት ስትተኛ ቀለሟ ይነጣል፤ ማታ በባትሪ አጥሩን የቃኘ ተማሪ ቀን ያጣትን በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነጣ ብላ ያገኛታል። ሳይነካት ቦታዋን ምልክት አድርጎ ማለዳ ቢመለስ ደግሞ ጠቁራ፣ ጎኗን ለፀሐይ ሰጥታ ስትሞቅ ያያታል። ከቀኑ ስንት ሰዓት ላይ ነጣች? በየትኛው ቁጥቋጦ ላይ በዛች? በጥቅምት ስንት ነበሩ፣ በሚያዝያ ስንት ቀሩ? ይህን አንድ ክፍል ተማሪ አንድ ዓመት ቢመዘግብ ስለ ፀዳ እስስት ከሩፔል የበለጠ ያውቃል። ሩፔል ያወቃት በአልኮል ውስጥ ነው።

እስስትን ማኖር ካስፈለገ የደጋ ሰው የሚያኖራት እንዲህ ነው፤ አጥሩን ባለመመንጠር፣ ልጁ ያነሳውን ድንጋይ በማስጣልና አብሮት ቆሞ በማየት። ስድቡም ከዚያ በኋላ በራሱ ያፍራል። ማለዳ በብርድ ጠቁራ ፀሐይ ስትጠብቅ ያያት ልጅ፣ ነገ አድርባይ ፖለቲከኛ ሲገጥመው ሌላ ቃል ይፈልግለታል።